በምግብ ሰንሰለት ውስጥ የሚፈሰውን ኃይል እንዴት እንከታተላለን፤ እንዴትስ እናሰላለን?

የምግብ ሰንሰለት በተማሪ ደብተር ላይ ሲሳል ብዙውን ጊዜ ሣር፣ ፌንጣ፣ እንቁራሪት፣ እባብና ጭልፊት በቀስት ተያይዘው የሚታዩበት አንድ ቀጭን መስመር ነው። ሥዕሉ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ማን ማንን እንደሚበላ ከመናገር አያልፍም። ጭልፊቶች ከፌንጣዎች ለምን እጅግ እንደሚያንሱ፣ ሰንሰለቱም አሥር እርከን ቀርቶ ስድስትና ሰባት እንኳ ሳይሞላ ለምን እንደሚቋረጥ ለመረዳት፣ በቀስቶቹ ላይ የሚተላለፈውን ኃይል እንደ ገንዘብ ገቢና ወጪ መመዝገብ ያስፈልጋል። ይህ ጽሑፍ ያንን መዝገብ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዴት ማዘጋጀት እንደሚቻል ያሳያል። የሚጠይቀው ሒሳብ ከመደመር፣ ከመቀነስና ከመቶኛ ስሌት አያልፍም፤ ትዕግሥት ግን በብዛት ይጠይቃል።

ሁለቱ ሕጎች

መዝገቡ የሚቆመው በሁለት የፊዚክስ ሕጎች ላይ ነው። የመጀመሪያው ሕግ ኃይል አይፈጠርም፣ አይጠፋምም፣ ከአንድ መልክ ወደ ሌላ መልክ ይለወጣል እንጂ ይላል፤ ስለዚህ ወደ አንድ ኩሬ የገባ እያንዳንዱ ጁል (የኃይል መለኪያ) የደረሰበት መታወቅ አለበት። ሁለተኛው ሕግ ደግሞ ኃይል መልኩን በለወጠ ቁጥር ከፊሉ ሥራ ሊሠራ ወደማይችል ሙቀት ተለውጦ እንደሚበተን ይነግረናል። ከቅጠል ወደ አባጨጓሬ፣ ከአባጨጓሬም ወደ ወፍ የሚደረገው ዝውውር ሁሉ ይህን ቀረጥ ሳይከፍል አያልፍም።

ከዚህ የሚከተል አንድ የቃል ጥንቃቄ አለ። ካርቦን፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ከአየርና ከአፈር ወደ ሕያዋን ገብተው ተመልሰው ይወጣሉ፣ ደግመውም ይገባሉ፤ ስለ እነርሱ «ዑደት» ማለት ትክክል ነው። ኃይል ግን አይዞርም። ከፀሐይ ይገባል፣ በሰንሰለቱ ያልፋል፣ በሙቀት መልክ ይወጣል፤ አባጨጓሬው ያቃጠለውን ኃይል ቅጠሉ መልሶ ሊጠቀምበት አይችልም። እኔ በበኩሌ «የኃይል ዑደት» የሚል አገላለጽ ሲያጋጥመኝ ከሌላው ስሕተት ሁሉ አስቀድሜ የማርመው ይህንን ነው፤ ይህ አንድ ቃል ከተሳሳተ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ስሌት ሁሉ ትርጉም ያጣልና።

ድንበር፣ ጊዜና መለኪያ

የሚያጠኑት ሥርዓተ ምህዳር ከየት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ አስቀድመው ይወስኑ። ለጀማሪ ኩሬ፣ ትንሽ ሐይቅ ወይም የተከለለ የሣር መሬት ይመረጣል፤ ዳርቻው ግልጽ ስለሆነ ከውጭ የሚገባውም ሆነ ወደ ውጭ የሚወጣው ነገር በቀላሉ ይታያል። ቀጥሎ የጊዜውን ርዝመት ይወስኑ፤ ምርት ከወቅት ወደ ወቅት ስለሚለያይ አንድ ሙሉ ዓመት መውሰድ የተሻለ ነው። ከዚያም ሁሉንም ቁጥር በአንድ ዓይነት መለኪያ ይጻፉ። በሥነ ምህዳር የተለመደው በአንድ ካሬ ሜትር በዓመት የሚታሰብ ኪሎካሎሪ ወይም ኪሎጁል ሲሆን፣ አንድ ኪሎካሎሪ 4.184 ኪሎጁል ነው።

ሕያዋኑን በቁጥር ብቻ መመዝገብ አይበቃም፤ አንድ ትልቅ ዛፍ በሺዎች የሚቆጠሩ ነፍሳትን ሊመግብ ስለሚችል አንድን ዛፍ ከአንድ ነፍሳት ጋር እኩል መቁጠር የሚነግረን ነገር የለም። እርጥብ ክብደትም እንዲሁ ያሳስታል። የአንድ ለምለም ቅጠል ወይም የአንድ ዓሣ ክብደት አብዛኛው ውኃ ነው፣ ውኃ ደግሞ ለተመጋቢው ኃይል አይሰጥም። ስለዚህ ናሙናው ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ድረስ በማድረቂያ ምድጃ ደርቆ ይመዘናል። ደረቁ ክብደት ምን ያህል ኃይል እንደያዘ የሚታወቀው ቦምብ ካሎሪሜትር በሚባል መሣሪያ ነው፤ ናሙናው በኦክሲጅን በተሞላ ዝግ የብረት ዕቃ ውስጥ ተቃጥሎ በዙሪያው ያለው ውኃ ምን ያህል እንደሞቀ ይለካል። መሣሪያው ለሌለው ሰው ግምት ይበቃዋል፦ አንድ ግራም ደረቅ ዕፅዋት ከ4 እስከ 4.5 ኪሎካሎሪ ገደማ፣ አንድ ግራም ደረቅ የእንስሳ አካል ደግሞ 5 ኪሎካሎሪ ገደማና ከዚያም በላይ ይይዛል። እንስሳው የሚበልጠው በስቡ ምክንያት ነው፤ አንድ ግራም ስብ 9 ኪሎካሎሪ ገደማ ሲሰጥ ስታርች 4 ገደማ ብቻ ይሰጣል።

አምራቾች የያዙትን ኃይል መለካት

ከከባቢ አየር በላይ ለፀሐይ ፊት ለፊት የተደቀነ አንድ ካሬ ሜትር 1,361 ዋት ገደማ ይቀበላል። ምድር ከሚደርሳት ጠቅላላ የፀሐይ ኃይል 30 በመቶ ያህሉን ወደ ጠፈር ትመልሳለች። ከቀረውም አምራቾች የሚባሉት ዕፅዋትና አልጌዎች ለብርሃን አስተፃምሮ፣ ማለትም በብርሃን ምግባቸውን ለመሥራት፣ የሚጠቀሙበት የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር የሆነውን ነው፤ ይህም ከፀሐይ ጨረር ግማሹን አይሞላም። በመጨረሻ በስኳርና በሌሎች ውህዶች ተከማችቶ የሚገኘው፣ በአብዛኛው ሥርዓተ ምህዳር፣ ከወረደው ብርሃን 1 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ከነፍሳት እስከ ዝሆን ያለው ሕይወት የሚኖረው በዚህች ጥቂት ድርሻ ነው፤ ይህን ሐቅ ባሰብኩት ቁጥር መደነቄ አይቀርም።

እዚህ ላይ ሁለት ቁጥሮችን መለየት ግድ ነው። ዕፅዋት በብርሃን አስተፃምሮ የያዙት ኃይል በሙሉ ጥቅል ምርት ይባላል። ነገር ግን ዕፅዋትም ራሳቸው ይተነፍሳሉ፤ ከሠሩት ስኳር ከፊሉን ለገዛ ኑሯቸው ያቃጥላሉ። ከጥቅል ምርቱ ይህ ሲቀነስ የሚተርፈው የተጣራ ምርት ሲሆን፣ ተመጋቢዎችና አብስባሾች (የሞተውን የሚያፈርሱት ሕያዋን) የሚከፋፈሉት እርሱን ብቻ ነው።

በኩሬ ውኃ ላይ እነዚህን ቁጥሮች በሁለት ጠርሙሶች ማግኘት ይቻላል። ከአንድ ጥልቀት በተቀዳ ውኃ አንድ ግልጽ ጠርሙስና አንድ ብርሃን የማያስገባ ጠርሙስ አየር ሳይቀርባቸው ይሞላሉ፤ በዚያው ሰዓት በውኃው ውስጥ የሟሟው ኦክሲጅን ተለክቶ ይመዘገባል። ጠርሙሶቹ ተከድነው ወደተቀዱበት ጥልቀት ይመለሱና ከተወሰነ ሰዓት በኋላ ኦክሲጅናቸው ዳግመኛ ይለካል። መነሻው በሊትር 8.0 ሚሊግራም ነበር እንበል፤ ጨለማው ጠርሙስ ወደ 6.5 ወረደ፣ ግልጹ ደግሞ ወደ 10.5 ወጣ። በጨለማው ውስጥ መተንፈስ እንጂ ብርሃን አስተፃምሮ ስላልነበረ የጎደለው 1.5 ሚሊግራም የትንፈሳ ወጪ ነው። በግልጹ የተጨመረው 2.5 ሚሊግራም የተጣራው ሲሆን፣ በሁለቱ ጠርሙሶች መካከል ያለው የ4.0 ሚሊግራም ልዩነት ጥቅል ምርቱ ነው። አንድ ሚሊግራም ኦክሲጅን በግምት 14 ጁል ስለሚወክል፣ ጥቅል ምርቱ በሊትር 56 ጁል ገደማ ይሆናል ማለት ነው። አንድ ነገር ግን መዘንጋት የለበትም፤ በጠርሙሱ ውስጥ አልጌዎች ብቻ ሳይሆኑ ባክቴሪያዎችና በዓይን የማይታዩ እንስሳትም ስላሉ፣ የተለካው ትንፈሳ የአልጌዎቹ ብቻ ሳይሆን የሁሉም ነው።

ሁሉም ሰንሰለት ከፀሐይ አይነሳም። እ.ኤ.አ. በ1977 በጋላፓጎስ ደሴቶች አቅራቢያ በጥልቅ ባሕር ወለል ላይ በተገኙት የፍል ውኃ ምንጮች ዙሪያ ትልልቅ ትሎችና ዛጎል ለባሾች ተሰብስበው ታይተዋል፤ በዚያ የአምራችነቱን ቦታ የያዙት ከሃይድሮጅን ሰልፋይድ ኬሚካዊ ኃይል የሚያወጡ ባክቴሪያዎች ናቸው። የመዝገቡ አሠራር ግን ያው ነው፤ የሚለወጠው የመጀመሪያው የገቢ መስመር ብቻ ነው።

ቀስቶቹና እርከኖቹ

ቀስቱ የሚሳለው ከሚበላው ወደ በላተኛው ነው፤ ኃይሉ የሚሄደው ወደዚያ ነውና። ጭልፊቱ እባቡን ስለያዘ ቀስቱን ከጭልፊት ወደ እባብ መሳል በጣም የተለመደ ስሕተት ነው። አምራቾች በመጀመሪያው እርከን፣ ዕፅ በሎች በሁለተኛው፣ እነርሱን የሚበሉ ሥጋ በሎች በሦስተኛው ይቀመጣሉ፤ ከዚያም በላይ እንዲሁ ይቀጥላል።

አስቸጋሪዎቹ ዕፅዋትንም ሥጋንም የሚበሉት ናቸው። እነርሱን በግድ በአንድ እርከን ከማሰር ይልቅ እርከናቸውን ከምግባቸው ድርሻ ማስላት ይሻላል። ከምግቧ ውስጥ 60 በመቶው ዘር፣ 40 በመቶው ዕፅ በል ነፍሳት የሆነ ወፍ ብትኖር፣ 0.6 በ1፣ 0.4 ደግሞ በ2 ተባዝቶ ሲደመር 1.4 ይሆናል፤ በዚህ ላይ 1 ሲጨመር የወፏ እርከን 2.4 ነው። ይህ ስሌት ቀጭኑ ሰንሰለት ወደ ምግብ መረብ ሲሰፋም ያገለግላል።

በአንድ አፍ የገባው ኃይል የት ይደርሳል?

የመዝገቡ ልብ ያለው እዚህ ስለሆነ፣ ከመላው ሥርዓተ ምህዳር በፊት በአንድ አባጨጓሬ መጀመርን እመክራለሁ። አባጨጓሬው ቀዳዳ ባለው ክዳን በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ከተመዘነ ቅጠል ጋር ይቀመጣል። በሌላ ተመሳሳይ ሣጥን ውስጥ ደግሞ አባጨጓሬ የሌለበት ቅጠል ይቀመጣል፤ ቅጠል ሳይበላም ውኃው ተንኖ ክብደቱ ስለሚቀንስ፣ ይህ ሁለተኛ ቅጠል ከሌለ የተበላውን ከደረቀው መለየት አይቻልም። አባጨጓሬው በቅጠሉ ጠርዝ ላይ ራሱን ከላይ ወደ ታች እያመላለሰ ሲግጥ ከኋላው ደግሞ ጥቁር ጥቃቅን ኩስ ሳያቋርጥ ሲጥል ማየት፣ ከተበላው ምን ያህሉ ሳይፈጭ እንደሚያልፍ ከማንኛውም ገለጻ ይበልጥ ያስረዳል። ኩሱ ተለቅሞ፣ ደርቆ ይመዘናል፤ አባጨጓሬው ራሱ የጨመረው ክብደትም ይታሰባል።

ለምሳሌ የተበላው ቅጠል 500 ጁል፣ ኩሱ 260 ጁል፣ በአባጨጓሬው አካል ላይ የተጨመረው 90 ጁል ይሁን። ከ500 ላይ 260 ሲቀነስ ወደ አካሉ የገባው 240 ጁል ነው፤ የመዋሃድ ብቃቱም 48 በመቶ ይሆናል። ከ240 ላይ ዕድገቱ 90 ሲቀነስ የቀረው 150 ጁል በትንፈሳ ተቃጥሎ ወደ ሙቀት የተለወጠው ነው፤ ስለዚህ የምርት ብቃቱ 90 ለ240፣ ማለትም 37.5 በመቶ ነው። አባጨጓሬውን ለምትበላው ወፍ የተዘጋጀው እንግዲህ ከ500 ጁል 90 ብቻ፣ ወይም 18 በመቶ ነው።

እነዚህ ሁለት ብቃቶች ከእንስሳ ወደ እንስሳ በሰፊው ይለያያሉ። ሥጋ ከበላተኛው አካል ጋር ስለሚቀራረብ ሥጋ በሎች ከሚውጡት 80 በመቶ ገደማ ያዋህዳሉ፤ ዕፅ በሎች ግን ለመፍጨት ከሚያስቸግሩት የዕፅዋት ክፍሎች፣ ከሴሉሎስና ከሊግኒን፣ ጋር ስለሚታገሉ ድርሻቸው በአብዛኛው ከዚያ በጣም ያንሳል። በምርት ብቃት በኩል ልዩነቱ ይብሳል። የሰውነታቸውን ሙቀት በራሳቸው የሚጠብቁ አእዋፍና አጥቢዎች ካዋሃዱት ኃይል ለዕድገትና ለመራባት የሚያውሉት ከ1 እስከ 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ያው 240 ጁል በአንዲት አይጥ አካል ውስጥ ቢገባ ኖሮ አዲስ ሥጋ ሆኖ የሚቀረው ከ10 ጁል በታች ነበር፤ ቀሪው ሙቀቷን ጠብቃ ለመኖር የምትከፍለው ነው።

10 በመቶ የሚባለው ቁጥር

ከአንድ እርከን ወደ ቀጣዩ 10 በመቶ ያህል ኃይል ይተላለፋል የሚለው ግምት በሰፊው ይሠራበታል። በእርሱ መሠረት 10,000 ኪሎካሎሪ የተጣራ ምርት ካለ ዕፅ በሎች 1,000፣ የመጀመሪያዎቹ ሥጋ በሎች 100፣ ቀጣዮቹ 10፣ ከእነርሱ በላይ ያለው ደግሞ 1 ኪሎካሎሪ ብቻ ያገኛሉ። ስድስተኛ እርከን ላይ የሚቀመጥ አዳኝ ቢኖር ለዕለት ጉርሱ የሚያካልለው መሬት እጅግ ሰፊ መሆን ነበረበት፤ አብዛኛው ሰንሰለት ከሦስት እስከ አምስት እርከን ላይ የሚያበቃበት አንዱ ዋና ምክንያት ይህ ነው። ከእንስሳት ሁሉ የሚገዝፈው ሰማያዊ ዓሣ ነባሪም ክሪል የሚባሉትን ትናንሽ ፍጥረታት የሚመገበው፣ ክሪሎቹም ፋይቶፕላንክተን የሚባሉትን በውኃ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን አምራቾች የሚበሉ በመሆናቸው፣ ከአምራቾቹ የሚርቀው በሁለት እርምጃ ብቻ ነው።

ሆኖም 10 በመቶ መነሻ ግምት እንጂ ሕግ አይደለም። ይህን የአስተሳሰብ መንገድ የከፈተው አሜሪካዊው የሥነ ምህዳር ተመራማሪ ሬይመንድ ሊንደማን በሚኒሶታ በምትገኝ ሲዳር ቦግ በተባለች ትንሽ ሐይቅ ላይ ያገኘው ብቃት ለአምራቾች 0.10 በመቶ፣ ለዕፅ በሎች 13.3 በመቶ፣ ለሥጋ በሎች 22.3 በመቶ ነበር። ይህን ያቀረበበትን ጽሑፍ የገመገሙት ሰዎች መጀመሪያ ላይ እንዳይታተም ቢመክሩም፣ ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1942 ታትሟል፤ ሊንደማን ግን ከዚያ ጥቂት ወራት ቀድሞ በ26 ዓመቱ አርፎ ስለነበር ታትሞ አላየውም። የዚያ ወጣት ትጋት አሁን ለምናደርገው ስሌት ሁሉ መሠረት ነውና ስሙ ሳይነሳ ባልፍ ቅር ይለኝ ነበር። ተግባራዊው ምክር አጭር ነው፦ የራስዎ ልኬት ካለዎት 10 በመቶን ይተዉ፤ ከሌለዎትም ግምት መሆኑን በመዝገቡ ላይ ይጻፉ።

አብስባሾችን መጨመርና መዝገቡን መዝጋት

ብዙ ሥዕሎች የሚረሱት ትልቁ መንገድ ወደ አብስባሾች የሚወስደው ነው። በደን ውስጥ ከተጣራው ምርት አብዛኛው በሕይወት ሳለ አይበላም፤ ቅጠሉ ይረግፋል፣ ግንዱ ይወድቃል፣ ከዚያም ፈንገሶች፣ ባክቴሪያዎች፣ ምስጦችና የምድር ትሎች ይከፋፈሉታል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ እርከን ወደ አብስባሾች የሚሄድ አንድ ቀስት፣ አብስባሾቹን ጨምሮ ከእያንዳንዱም ወደ ውጭ የሚወጣ አንድ የሙቀት ቀስት መሳል አለበት።

ሙሉ መዝገብ ምን እንደሚመስል ለማየት፣ አሜሪካዊው የሥነ ምህዳር ተመራማሪ ሃዋርድ ኦደም በፍሎሪዳ ሲልቨር ስፕሪንግስ በተባለ የጠራ ምንጭ ውኃ ላይ ያደረገውንና እ.ኤ.አ. በ1957 ያሳተመውን ጥናት የሚያህል ምሳሌ አላውቅም። ቁጥሮቹ ሁሉ በካሬ ሜትር በዓመት የሚታሰቡ ኪሎካሎሪዎች ናቸው። ዕፅዋቱ ከተቀበሉት 410,000 ውስጥ በጥቅል ምርት የያዙት 20,810 ነበር፤ ከዚህ 11,977 ራሳቸው አቃጥለው 8,833 የተጣራ ምርት ተረፈ። ዕፅ በሎች 3,368 ወስደው 1,890 አቃጠሉ፤ ሥጋ በሎች 383 ወስደው 316 አቃጠሉ፤ በጫፍ ላይ ያሉት አዳኞች የደረሳቸው 21 ሲሆን ያቃጠሉት 13 ነው። አብስባሾች ደግሞ 5,060 ተቀብለው 4,600 አቃጠሉ፤ ይህም እንስሳቱ ሁሉ በአንድነት ካቃጠሉት ከእጥፍ ይበልጣል።

አሁን መዝገቡ ይዘጋ። የትንፈሳው ወጪ በሙሉ ሲደመር 18,796 ይመጣል፤ ውኃው ይዞት ወደ ታች የሄደው 2,500 ሲጨመርበት ጠቅላላ ወጪው 21,296 ነው። ጥቅል ምርቱ ግን 20,810 ነበር፤ 486 ይጎድላል። ይህ ጉድለት የስሌት ስሕተት አይደለም፤ ጎብኚዎች ለዓሦች የሚወረውሩት ዳቦ ከውጭ የሚገባ ኃይል ሆኖ ተመዝግቦ ነበርና፣ እርሱ ሲጨመር ገቢና ወጪው እኩል ይሆናሉ። እርስዎም ገቢና ወጪ አልገጥም ሲልዎት ቁጥሮቹን በግድ ለማስማማት ከመሞከርዎ በፊት ድንበሩን ተሻግሮ የገባ ወይም የወጣ ነገር መኖሩን ይፈልጉ።

ፒራሚዱን መሳልና መፈተሽ

በመጨረሻ እያንዳንዱ እርከን የደረሰው ኃይል በአራት ማዕዘን ይሳላል፤ አምራቾች ከታች ሆነው ስፋቱ ከኃይሉ መጠን ጋር ይመጣጠናል። የባዮማስ ፒራሚድ፣ ማለትም በአንድ ወቅት ያለው የሕያዋን ደረቅ ክብደት፣ ተገልብጦ ቢገኝ አያስደንግጥ። በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል በሚገኘው ባሕር፣ በእንግሊዝ ቻናል፣ በካሬ ሜትር 4 ግራም ፋይቶፕላንክተን 21 ግራም ተመጋቢዎችን ሲሸከም ተመዝግቧል፤ ፋይቶፕላንክተኖቹ በቀናት ውስጥ እየተባዙ ወዲያው ስለሚበሉ፣ በአንድ ቅጽበት ጥቂት ቢሆኑም በዓመት ውስጥ የሚያመርቱት ብዙ ነው።

የኃይል ፒራሚድ ግን ሙሉ ዓመት ከተመዘገበ ሊገለበጥ አይችልም። ተገልብጦ ከታየዎት ችግሩ ያለው በድንበሩ ላይ ነው። ጥቅጥቅ ባለ ደን ጥላ ሥር የሚፈስ ጠባብ ጅረት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው፤ ብርሃን ስለማያገኝ አልጌው ትንሽ ነው፣ ነፍሳቱና ዓሦቹ ግን ብዙ ናቸው። ከዳርና ከዳር ካሉት ዛፎች የሚረግፈውን ቅጠል በሰፊ መረብ ሰብስበው፣ አድርቀውና መዝነው በገቢው መስመር ላይ ሲጽፉት ፒራሚዱ መሠረቱን ያገኛል፤ አምራቾቹ ከጅረቱ ውጭ፣ በዳርቻው ላይ የቆሙት ዛፎች ነበሩ።